የቻይንኛ ጥልቅ ሥልጠና፦ የቋንቋ ቃል ኪዳኑን አከበርኩ፣ አፌ ግን ተዘጋ

ጠያቂ፦ ዝምተኛው ተማሪ

ጤና ይስጥልኝ። አራት ወር የሚፈጅ የቻይንኛ ቋንቋ ጥልቅ ሥልጠና ለመከታተል ቤጂንግ ከገባሁ አራተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ከመምጣቴ በፊት ኤችኤስኬ የተባለውን የቻይንኛ ብቃት ፈተና ሦስተኛ ደረጃ አልፌ ነበር። ይህ በቀድሞው ባለ ስድስት ደረጃ ሥርዓት 600 ያህል ቃላት ማወቅ ማለት ስለሆነ፣ ሌላው ቢቀር ምግብ ለማዘዝና መንገድ ለመጠየቅ እንደማልቸገር እርግጠኛ ነበርኩ። የገጠመኝ ግን ሌላ ነው።

ትምህርታችን የሚጀምረው ከጠዋቱ 8፡00 ነው (እኛ ሁለት ሰዓት የምንለው መሆኑን ለመልመድ ራሱ አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል)። ገና ወንበራችን ላይ ሳንደላደል ቻይናውያኑ ቲንግሺዬ የሚሉት የቃል ጽሕፈት ይመጣል፤ መምህርቷ ቃሉን ሁለት ጊዜ ትጠራለች፣ እኛም ሀንዚውን (የቻይንኛውን የጽሕፈት ምልክት) ከነድምፀት ምልክቱ እንጽፋለን፤ ድምፀት ማለት የቃሉን ትርጉም የሚለየው የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ነው። ከዚያ አሥራ ሁለት ሆነን የምንማርበት ትልቁ ክፍል፣ ቀጥሎ አራት ሆነን የምንለማመድበት ትንሹ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላም ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ መምህር የሚመደብበት የ50 ደቂቃ የግል ውይይት አለ። ማታ ለነገ የሚሆነውን ምንባብና ከ50 የማያንሱ አዳዲስ ቃላት እናጠናለን። ዓርብ የሳምንቱ ፈተና ነው።

ድካሙን አልጠላሁትም። የከበደኝ ስንመጣ የፈረምነው የቋንቋ ቃል ኪዳን ነው። ከቤተሰብ ጋር ከሚደረግ የስልክ ጥሪና ከሕክምና ጉዳይ በቀር፣ በክፍልም ሆነ በማደሪያ ወይም በመንገድ ላይ ከቻይንኛ ሌላ ቋንቋ ላለመናገር ቃል ገብተናል፤ ሦስት ጊዜ የተያዘ ተማሪ ከሥልጠናው ይሰናበታል። እኔ አንድ ቀንም አላፈረስኩትም፤ ያተረፍኩት ግን ዝምታ ብቻ ነው። በአማርኛ ጨዋታ አዋቂ ከሚባሉት ነኝ፤ እዚህ ግን ምሳ ላይ ጓደኞቼ ሲያወሩ፣ ለማለት የፈለግሁትን በእንግሊዝኛ አሰናድቼ፣ ወደ ቻይንኛ መልሼ፣ ድምፀቱን አስተካክዬ እስክጨርስ ወሬው ሁለት ጊዜ ተቀይሮ ይጠብቀኛል። ባለፈው ማክሰኞ በተማሪዎች ምግብ ቤት ሾርባ ልጠይቅ ብዬ ስኳር ጠየቅሁ። ሁለቱም «ታንግ» ናቸው፤ ሾርባው በአንደኛው ድምፀት፣ ስኳሩ በሁለተኛው ይነገራል። ምግብ የምታድለው ሴት ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ አየኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የምፈልገውን በጣቴ ብቻ አሳያለሁ።

ምክር የምጠይቃችሁ በሦስት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው ክፍል ለመውረድ ልጠይቅ ወይስ እንደምንም ልቆይ? ሁለተኛ፣ በማደሪያችን መምህራን ዞር ሲሉ ኮሪደሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ከግቢ ወጥቼ ከአንድ ቻይናዊ ቤተሰብ ዘንድ ክፍል ብከራይ ይሻለኝ ይሆን? ሦስተኛው ደግሞ በግልጽ ለመናገር የማፍርበት ነው፤ ይህ ዝምታ የሚያልፍ ነገር ነው ወይስ ቋንቋው ለእኔ እንዳልሆነ የሚነግረኝ ምልክት?


መላሽ፦ ሐርቢን የከረመች

ወንድሜ፣ ጽሑፍህን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ወራት ያየሁ መሰለኝ። እኔ የተማርኩት በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በሐርቢን ነው። ከተማዋን የመረጥኳት የአካባቢው ሰው አነጋገር ለመደበኛው ቻይንኛ ቅርብ ነው ስለተባለ ነበር፤ ብርዱን ግን በቅጡ አላሰብኩበትም። በክረምቱ መካከል ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ተራ ነገር ስለሆነ፣ የሕንፃ ማሞቂያው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ይሠራል፤ ተማሪውም ከክፍል መልስ ማደሪያው ውስጥ ይከተታል። አንተ የምትለው የኮሪደር እንግሊዝኛ መጀመሪያ ላይ እኛም ዘንድ ነበር። እኔም ለአምስት ሳምንት ያህል ከክፍል ውጭ ከሃያ ቃል በላይ የተናገርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አፌን የከፈተችልኝ መምህርት አይደለችም፤ የማደሪያችን በር ጠባቂ ናት። በቻይና ማደሪያዎች ወለል ላይ ቁልፍ የሚይዙ፣ የሚገባና የሚወጣውን የሚያዩ፣ ከተማሪ ጋር የሚጣሉና የሚታረቁ ሴቶች አሉ፤ ተማሪው «አዪ» ይላቸዋል፣ አክስት እንደማለት ነው፤ እኛ እትዬ በምንልበት ቦታ መሆኑ ነው። የእኛዋ አዪ በየቀኑ የምትጠይቀኝ ሁለት ነገር ብቻ ነበር፦ «በላሽ ወይ?» እና «ወዴት ነው?»። በመጀመሪያ ጥያቄ መስሎኝ የበላሁትን በዝርዝር ልነግራት ስሞክር ትስቅብኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ እኛ «እንዴት አደርክ» ስንል የሰውየውን እንቅልፍ መመርመራችን እንዳልሆነ ሁሉ፣ እርሷም ሰላምታ መስጠቷ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። ከክፍሌ ስወርድ አንዲት የተዘጋጀች ዓረፍተ ነገር ይዤ እወርዳለሁ፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ልጅ ልጇ። እርሷ ትመልሳለች፣ ከመልሷ ግማሹ ያመልጠኛል፣ ያመለጠኝን ማታ እፈልገዋለሁ፣ በማግሥቱ እርሱኑ መልሼ እጠቀምበታለሁ። ክፍል ውስጥ ርዕሱ በየቀኑ ይቀያየራል፤ ከአዪ ጋር ግን ያው ወሬ በየቀኑ ስለሚመላለስ የተሳሳትኩትን ነገ የማርምበት ዕድል ነበረኝ።

ስለ ታንጉ አትፈር። ስህተቱ ግን የድምፀት ብቻ አይመስለኝም፤ አንዲት ክፍለ ቃል ብቻዋን አውጥተህ መናገርህም ጭምር ነው። ቻይንኛ በአንድ ክፍለ ቃል ውስጥ የሚይዛቸው የተለያዩ ድምፆች ጥቂት ስለሆኑ፣ አንዲቷ ክፍለ ቃል ብዙ ነገር ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህ ሰዎቹ ራሳቸው በሁለትና በሦስት ክፍለ ቃል መነጋገር ይመርጣሉ። የሾርባውን ሙሉ ስም፣ «የቲማቲምና እንቁላል ታንግ» ብለህ ብትጠራው ድምፀትህ ቢዛነፍም ስኳር የሚሰጥህ የለም። ለመግዛትና ለመሸጥም እንዲሁ ነው፤ አንዱ «ማይ» በሦስተኛ ድምፀት፣ ሌላው «ማይ» በአራተኛ ስለሆነ፣ ብቻውን ስትለው ሁልጊዜ ያደናግራል፣ የሚገዛውን ዕቃ ስትጨምርበት ግን አድማጩ ራሱ ያቃናልሃል። በተረፈ ወደዚያችው ሴት መስኮት ተመለስ። ወንድ ሠራተኛ ከሆነ «ሺፉ» በለው፣ ባለሙያው እንደማለት ነው፤ እንዲህ ብለው የሚጠሯቸው ሰዎች ለእንግዳ ተናጋሪ ትዕግሥት ሲያጡ ብዙም አላየሁም።

ከግቢ ስለመውጣቱ፣ በመካከል ባታደርገው እመክራለሁ። በቻይና የውጭ ዜጋ ከሆቴል ውጭ ሲያርፍ በ24 ሰዓት ውስጥ በአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ መመዝገብ አለበት፤ ይህን ማደሪያው እስካሁን ስለሚያደርግልህ አልታወቀህም። በዚያ ላይ የአከራይ ውል፣ የመንገዱ ርዝመት፣ ጠዋት 8፡00 ላይ የሚጠብቅህ የቃል ጽሕፈት አለ። ይልቅ ቢሮውን ቻይናዊ የክፍል ተጋሪ እንዲመድብልህ ጠይቅ፤ ይህ ካልተቻለ «ዩባን» የሚሉትን የቋንቋ አጋር ፈልግ።

አንድ ነገር ግን ልቆጣህ። ቃል ኪዳኑ የሚለው ቻይንኛ ተናገር ነው፤ ዝም በል አላለም። ቃል ስታጣ «ዘንመ ሹዎ ነ» በል፣ «እንዴት ልበለው» ማለት ነው፤ ጊዜ ታገኛለህ፣ ተራህንም ማንም አይወስድብህም።


መላሽ፦ የድምፅ ነገር

የሥነ ልሳን መምህር ነኝ፤ ቻይንኛ የተማርኩት ዘግይቼ በመሆኑ ችግርዎን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ከላይ የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው። እኔን የሳበኝ ግን በጽሑፍዎ ውስጥ ሳያስቡት ያለፉት አንድ ነገር ነው፤ ለማለት የፈለጉትን «በእንግሊዝኛ አሰናድተው» ወደ ቻይንኛ እንደሚመልሱት ጽፈዋል። የአፍ መፍቻዎ አማርኛ ሆኖ ሳለ ለምን በእንግሊዝኛ በኩል ይዞራሉ? መልሱን እገምታለሁ፤ የመማሪያ መጻሕፍቱ ፍቺ በእንግሊዝኛ ነው፣ የክፍል ጓደኞችዎም አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ነገር ግን በዚህ መንገድ ሲሄዱ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚቸገሩበትን ሁሉ ይወርሳሉ፤ አማርኛ ተናጋሪ በመሆንዎ ያገኙትን ብልጫ ደግሞ ይጥላሉ።

ለምሳሌ ያህል ገላጭ ሐረጎችን ይመልከቱ። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል መግለጫው በሙሉ ከስሙ ይቀድማል። ቻይንኛም «እኔ ትናንት የገዛሁት» ካለ በኋላ «ደ» የምትለዋን አገናኝ አስገብቶ በመጨረሻ «መጽሐፍ» ይላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪው መጽሐፉን አስቀድሞ መግለጫውን ከኋላ ማስከተል ስለለመደ፣ ረጅም የቻይንኛ ዓረፍተ ነገር ሲመጣበት ራሱንና እግሩን ማገለባበጥ አለበት። እርስዎ ግን ማገለባበጥ የለብዎትም፤ ከአማርኛ ቢነሡ ቅደም ተከተሉ ከሞላ ጎደል በእጅዎ ነው። በእርግጥ ግሱ በቻይንኛ ከተሳቢው ስለሚቀድም ሁሉም ነገር ይመሳሰላል ማለቴ አይደለም።

ከዚህም የሚልቅ አለ። ተማሪን ሁሉ የምታስጨንቀው «ለ» የምትባለው ትንሽ ቃል ናት። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ማብራሪያዎች ተማሪው የኃላፊ ጊዜ ምልክት አድርጎ እንዲይዛት ያባብሉታል፤ ከዚያ «ሚንግትየን ወ ቺ ለ ፋን ጂዮው ቹ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገጥመውና ነገ የሚደረግ ነገር ውስጥ ኃላፊ ጊዜ ምን ይሠራል ብሎ ይደነግጣል። አሁን ይህንኑ በአማርኛ ይበሉት፦ «ነገ በልቼ እሄዳለሁ»። «በልቼ» ኃላፊ ጊዜ ነው? አይደለም። መብላቱ ከመሄዱ በፊት መጠናቀቁን ብቻ ነው የሚናገረው፤ እዚህ ላይ የ«ለ» ሥራም ይኸው ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ስድስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ምክንያቱም እኔም በእንግሊዝኛ በኩል ስዞር ነበር።

ድምፀትን በተመለከተ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነገር አድርጎ ይፈራዋል። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ያልተጻፈ ነገር እያነበብን ነው ያደግነው። «ዋና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ በውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ማለት ነው። «አለ»ም ላልቶ መናገርን፣ ጠብቆ መኖርን ያመለክታል። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ ቃሉን ስንማር ጥብቀቱን አብረን ስለምንይዘው ግን አንሳሳትም። ሀንዚም ድምፀቱን በግልጽ አያሳይም፤ ተማሪው ቃሉንና ድምፀቱን እንደ አንድ ነገር መያዝ አለበት። ድምፀትን በቃሉ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ አድርገው ከያዙት፣ በንግግር ፍጥነት ውስጥ መጀመሪያ የሚረግፈው እርሱ ነው። ብቻውን አያጥኑት፤ በጥንድ ያጥኑት፤ ምክንያቱም ድምፀቶች በጎረቤታቸው ይለወጣሉ። ሁለት ሦስተኛ ድምፀቶች ሲከታተሉ የፊተኛው ወደ ሁለተኛ ይለወጣል፤ በየቀኑ የምንለው «ኒ ሀው» ራሱ እንዲሁ ነው የሚነገረው።

እግረ መንገዴን አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ትርጉሙን በአማርኛ ይጻፉ፤ ድምፁን ግን በፊደላችን አይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የጸደቀው ፒንዪን፣ ማለትም የቻይንኛ ድምፅ መጻፊያው፣ የላቲን ፊደል ይዋስ እንጂ የእንግሊዝኛ ንባብ አይደለም፤ የእኛም ፊደል አይበቃውም። ለምሳሌ «ምዕራብ» የሚለውና «አሥር» የሚለው ቃል በእኛ ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም «ሺ» ይሆናሉ፤ በፊተኛው የምላስ ጫፍ ወደ ታችኛው ጥርስ ይወርዳል፣ በኋለኛው ግን ወደ ላንቃ ይቀለበሳል። ሌላው ወጥመድ ትንፋሽ ነው። በፒንዪን የ«ደ» እና የ«ተ» ቦታ የያዙት ሁለት ፊደሎች ልዩነታቸው በትንፋሽ እንጂ እንደ እኛ በጉሮሮ ንዝረት አይደለም። ቁራጭ ወረቀት ከአፍዎ ፊት ይያዙ፤ በአንዱ ወረቀቱ መወዛወዝ፣ በሌላው ጸጥ ማለት አለበት። ትንፋሽ የሌለውን «ጠ» ብለው አያፈንዱት፤ ይህን ስህተት ከእኛ ሰዎች ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ቃል ኪዳኑ የተጣለው በምላስዎ ላይ እንጂ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ አይመስለኝም። ማታ ሲያጠኑ እንግሊዝኛውን ፍቺ ይሸፍኑና የአማርኛውን ይጻፉበት። ሀንዚዎቹንም በቤተሰብ ያጥኗቸው፦ «ቺንግ» የሚለውን ድምፅ የሚሰጠው አንዱ ምልክት ውኃ ሲጨመርለት «ጥርት ያለ»፣ ንግግር ሲጨመርለት «እባክዎ»፣ ልብ ሲጨመርለት «ስሜት»፣ ፀሐይ ሲጨመርለት «ብራ» ይሆናል። ድምፀታቸው ሁሉ አንድ ባይሆንም አራቱም «ቺንግ» ናቸው፤ አራቱን ለየብቻ አርባ አርባ ጊዜ ከመገልበጥ ይህ ይቀላል።


መላሽ፦ ታይፔ የተማረ

ከላይ የተሰጡትን ምክሮች አከብራለሁ፤ ሐርቢን ከከረሙት እህቴ ጋር ግን በሁለት ነገር አልስማማም።

የመጀመሪያው ቃል ኪዳኑ ራሱ ነው። ይህ ልማድ ስሙ የሚያያዘው በአሜሪካ ከሚገኘው ከሚድልቤሪ ኮሌጅ ጋር ነው፤ በዚያ የበጋ የቋንቋ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1915 በጀርመንኛ ነበር። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር መካከል አንድ ግቢ አጥሮ ሌላ ቋንቋ ለማኖር ቃል ኪዳን የግድ ይላል። ቤጂንግ ውስጥ ግን መንገዱ ሁሉ ቻይንኛ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ቃል ኪዳኑ የሚጠብቀው ኮሪደሩን ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ እንደ ጻፉት መንገድ ላይም ዝም ብለዋል። ችግሩ ከተከለከሉት ቋንቋ ሳይሆን ከሚያፍሩበት ቋንቋ ከሆነ፣ ቃል ኪዳኑን ይበልጥ ማጥበቅ ምንም አይፈታም። በታይዋን፣ በታይፔ የነበርንበት ትምህርት ቤት ቃል ኪዳን አላስፈረመንም፤ ከክፍል ጓደኞቼ ቻይንኛቸው የጎለበተው ከግቢው የወጡት ናቸው፣ ግቢ ውስጥ የቀረነው ዘገየን።

ሁለተኛው ደረጃ ዝቅ ማለት ነው፤ እህቴ በዝምታ አልፈውታል፣ እኔ ግን ከጥያቄዎቹ ሁሉ ዋናው ይመስለኛል። እኔ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ደረጃ ወርጃለሁ፤ አፍሬ ነበር፣ በኋላ ግን አልተጸጸትኩም። የተጠቀምኩበት መለኪያ ይህ ነው፦ በትንሹ ክፍል መምህሩ ከሚናገረው አሥር ዓረፍተ ነገር ስምንቱ ከገባዎት፣ መናገር ቢያቅትዎም ይቆዩ፤ አምስቱ ብቻ ከሆነ ይውረዱ፤ ምክንያቱም ያልሰሙትን መናገር አይችሉም። ጊዜው ግን እንዳያመልጥዎ፤ ብዙ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ ክፍል መቀየር አይፈቅዱም።

ስለ 50 ቃላቱም ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በቀን 50 ቃል በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ16 ሳምንት ቢባል 4,000 ይሆናል። እርስዎ በወሰዱት የፈተና ሥርዓት አራተኛው ደረጃ 1,200፣ አምስተኛው ደግሞ 2,500 ቃላት ነው የሚጠይቀው። ሦስተኛውን ያለፈ ሰው በአራት ወር 4,000 ይይዛል ብሎ የሚጠብቅ መምህር ያለ አይመስለኝም፤ ይህ ማለት ግማሹ እንዲረሳ አስቀድሞ ታስቦበታል ማለት ነው። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ሲያሠለጥን ለቻይንኛ የሚመድበው 88 ሳምንት፣ 2,200 የክፍል ሰዓት ነው። የእርስዎ ፕሮግራም በሳምንት ሃያ ሰዓት ቢያስተምር በአራት ወር 320 ሰዓት ነው። በአራተኛው ሳምንት ላይ ስለ ተፈጥሮ ችሎታዎ መፍረድ አይችሉም ለማለት ነው።


መላሽ፦ ሐርቢን የከረመች

ስለ ደረጃው ልክ ነህ ወንድሜ፣ ዘልዬዋለሁ። ያለፍኩትም ዝቅ ማለትን ስለፈራሁት ነው፤ እኔ ሳልወርድ ቀርቼ ግማሽ ዓመት ተንገላትቻለሁ፣ መውረድ ይሻለኝ እንደነበር ዛሬም አላወቅሁም። ስለ ቃል ኪዳኑ ግን አልለቅህም። ከግቢው የወጡት ጎበዙ ያልከው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሐርቢን ክረምት ግን ወዴት ይወጣል? እኛን በኋላ ያተረፈን የኮሪደሩ ቻይንኛ ነው፤ የተሰባበረ ቢሆንም ማታ ማታ እርስ በርሳችን የምናወራው እርሱን ነበር። ዝምተኛው ደግሞ አንድ ነገር ንገረን፤ ከአሥሩ ዓረፍተ ነገር ስንቱ ይገባሃል?


ጠያቂ፦ ዝምተኛው ተማሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ መልስ ለመስጠት አሥራ ሁለት ቀን የዘገየሁት የተባለውን ልሞክር ብዬ ነው።

የአሥሩን ዓረፍተ ነገር መለኪያ ሁለት ቀን ሙሉ እያሰመርኩ ቆጠርኩት፤ ከስምንት ትንሽ ያንሳል፣ ከሰባት ይበልጣል። መምህርቴን ሳማክራት በትልቁ ክፍል እንድቆይ፣ የግል ውይይቱን ግን ለሦስት ሳምንት ያለፉትን ምንባቦች መልሰን እንድናወራበት ፈቀደችልኝ። ስለዚህ ግማሽ ወርጃለሁ ማለት ይቻላል። ከግቢ የመውጣቱን ሐሳብ ትቼዋለሁ፤ ቻይናዊ የክፍል ተጋሪ ግን አልተገኘልኝም።

የእንግሊዝኛውን ፍቺ ሸፍኖ በአማርኛ መጻፉ ከጠበቅሁት በላይ ጠቀመኝ። ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ ልዩነቱን በመጀመሪያው ማታ አየሁት። ወረቀቱ ግን እስካሁን በሁለቱም ይወዛወዝብኛል። የክፍል ጓደኞቼ ምሳ ላይ ሲያወሩ ዛሬም እዘገያለሁ፤ «ዘንመ ሹዎ ነ» ስል ግን ዞር ብለው ይጠብቁኛል፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ትናንት ወደዚያችው ሴት መስኮት ተመለስኩ። የሾርባውን ሙሉ ስም ከነቲማቲሙና ከነእንቁላሉ ጠራሁላት። ምንም አላስደገመችኝም፤ ማሰሮውን ዘንበል አድርጋ አሳየችኝና «ታንግ ሜይ ለ» አለችኝ። ሾርባ የለም ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ሾርባው ቢቀርብኝም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። አንድ ጥያቄ ግን ለ«የድምፅ ነገር»፦ በመጨረሻ ያለችው ይህች «ለ»፣ ያች የ«በልቼ»ዋ ናት? ምክንያቱም ተከትሎ የሚመጣ ግስ የለም።


መላሽ፦ የድምፅ ነገር

አይደለችም። ይህች በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ የምትቆመው ናት፤ ሁኔታው መለወጡን ትናገራለች። «ታንግ ሜይ» ብላ አትቆምም፤ «ሜይ ዮው ታንግ» ብትልዎ ኖሮ ሾርባ የለንም ብቻ ይሆን ነበር። «ለ»ን ስታክልበት ግን ቅድም ነበረ፣ አሁን የለም ማለቷ ነው። በአማርኛ «አልቋል» ብለው ይጻፉት። ነገ ቀደም ብለው ይሂዱ።